የባትሪው ሳጥን ደረቅ ነበር

ስልኬ አሁንም የባትሪ ዜና ያመጣልኛል። ኩባንያው ከጠፋ፣ እኔም ነገሩን እርግፍ አድርጌ ከተውኩት ቆይቷል፤ ስልኬ ግን አልሰማም። ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ አንዱ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚሞላ ባትሪ ሠራ ይለኛል፤ ሌላው ብርድ የማይበግረው ሴል አወጣ ይለኛል። ድሮ እንዲህ ያለ ዜና ሳገኝ ባለቤቴን ቀስቅሼ አነብላት ነበር። አሁን ለብቻዬ አነባለሁ፣ አንብቤም እናደዳለሁ። አለማንበቡን ግን አልቻልኩበትም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። በከተማው ካሉት ጋራዦች በአብዛኞቹ ሽቦ የሚነካካው ሰው የኔ ተማሪ የነበረ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሊገጣጥም የተነሳ አንድ በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ከተማችን መጥቶ አክሲዮን ሲሸጥ፣ የገዛው ሌላው ሰው አላውቅም ነበር ሊል ይችላል፤ እኔ ይህን ማለት አልችልም። አገላብጬ፣ ጠይቄ፣ አስልቼ ነው የገባሁበት።

ጊዜውም የሚያጓጓ ነበር። የነዳጅ መኪና ማስገባት ቀርቷል፣ ማደያው ጋ የባጃጅ ሰልፍ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ያድራል፣ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ በየጥጉ ይቸበቸባል። የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ባለሦስት እግር፣ ቀጥሎ ትንንሽ መኪና እንገጣጥማለን አሉ። ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ላይ ሜዳ ተሰጥቶናል፣ ፋብሪካው እዚያ ይተከላል አሉ። ዘመድ ጥየቃ ወደ አምበር በሄድኩ ቁጥር ከሚኒባሱ መስኮት ጣቴን አውጥቼ “እዚህ ጋ ነው” እያልኩ ለማላውቀው ተሳፋሪ ሁሉ አሳይ ነበር። የማሳየው የጤፍ ማሳ ነው። ባለቤቱም በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰው ነበር።

አንድ ደብተር ለዚሁ ለየሁ። የተሽከርካሪውን ክብደት፣ የተሳፋሪውን ክብደት፣ የአቀበቱን ቁመት፣ የጠዋቱን ብርድ እያስገባሁ ባትሪው የት ድረስ እንደሚያደርስ አሰላ ነበር። የእኛ ደጋ ለባትሪ ፈተና ነው፤ ብርዱ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፣ አቀበቱ ይጠጣዋል። ግን ደግሞ ቁልቁለት አለ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ሞተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላዋል። ይህን ለመምህራን ስንት ጊዜ እንደነገርኩ እግዜር ይወቀው። ወደ መምህራን ክፍል ብቅ ስል “ተነሱ፣ ቻርጅ ሊያደርገን መጣ” ይባባሉ ነበር። ይሳቁ እንጂ ብዙዎቹ ገዙ። ባለቤቴም ለቤት መሥሪያ ያስቀመጥነውን “አንተ ካወቅከው” ብላ ፈረመችበት። አምበር ያለችው ታላቅ እህቴ ከሁለት በሬዎቿ አንዱን ሸጠች። ለእሷ ስለ ባትሪ ምንም አልነገርኳትም። ወንድሟ አስተማሪ መሆኑ በቂዋ ነበር።

የባትሪ ወሬዬን በትዕግሥት ያዳመጠኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም የነፍስ አባቴ ናቸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ቄስ ናቸው። በየወሩ ቤታችን ይመጣሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ፣ አራቱን ማዕዘን ጸበል ይረጫሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው “እስኪ ያ ነገር የት ደረሰ?” ይሉኛል። ደብተሬን ዘርግቼ አስረዳለሁ። ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ይጠይቁኛል። አንድ ቀን “ኃይሉ ሲያልቅ ባትሪው ይቀልላል?” አሉኝ። በክብደት የሚታወቅ ለውጥ የለውም አልኳቸው። “ታዲያ ባዶ መሆኑን ከውጭ የሚያይ ሰው በምን ያውቃል?” አሉ። ሳይለካ አይታወቅም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ቡናቸውን ጠጡ።

ከዚያ ማሳያው መጣ። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባለሦስት እግር። አብሮት ከረባት ያሰረ የኩባንያው ወኪል ወረደ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ቅዳሴ እንደወጣ ባለአክሲዮኑም፣ ተመልካቹም፣ ባጃጅ ነጂውም ከአስፋልቱ ግርጌ ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከአምበር በጠዋት መጥታለች። እንግዲህ በእኛ ከተማ አዲስ ተሽከርካሪ ሳይባረክ ሥራ አይጀምርም። ሲኖትራክ ይሁን ሞተር ሳይክል ካህን መስቀሉን ያሳርፍበታል፣ ጸበል ይረጨዋል። የነፍስ አባቴን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ጸበሉን በቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ።

ከመጀመራቸው በፊት ክንዴን ይዘው ለብቻ ገለል አደረጉኝ።

“ልጄ፣ ይኼ እንኳ ኤሌክትሪክ ነው አሉ። ውሃ የሚጎዳው ከሆነ መስቀሉ ብቻውን ይበቃል፤ ጸበሉ ይቅር።”

“አባ፣ ክረምቱን ሙሉ ሊሠራበት አይደል እንዴ? ምንም አይሆንም፣ ይርጩት።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እኔ ነኝ እኮ የምልዎ” አልኳቸው። ትንሽም ሳቅ አልኩ።

ረጩት። እልልታው ቀለጠ። ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላ ተቀመጡ፣ ወኪሉ መሪውን ያዘ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረ። የባጃጅ ነጂዎቹ አፋቸውን ይዘው አዩት። እኔ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ዞሮ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን አጭር አቀበት ጀመረና ከመሃሉ ላይ ቀጥ አለ። ወኪሉ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ምንም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

ወኪሉ ዘሎ ወረደና “ውሃ ነው! ውሃ ያስረጨው ማን ነው?” ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞሮ የነፍስ አባቴን አየ። ጀሪካኑ በእጃቸው ነው።

መቀመጫውን አነሳሁ። የባትሪው ሳጥን ከሥሩ ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን ከፈትኩና እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ አቧራ ይዘው ወጡ። ደረቅ አቧራ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችበትም። ከዚያ ባትሪው የተገጣጠመባቸውን ሴሎች አየኋቸው። ግማሾቹ ጎናቸው አብጧል። ቁመታቸው እንኳ እኩል አይደለም። የኩባንያው አርማ ያለበትን ወረቀት ጥጉን በጥፍሬ ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለ፣ በስለት ተፍቋል። ቴስተሬን አውጥቼ ለካሁ። ሦስቱ ሞተዋል። ሌላ ቦታ አገልግለው የተጣሉ ሴሎች ተለቃቅመው ነው የተሰበሰቡት። ይህን ለማወቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆን ይበቃል።

ወኪሉ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ያየሁትን አይቷል። “መምህር” አለኝ በለሆሳስ፣ “ይኼ ናሙና ነው። የፋብሪካው አዲስ ባትሪ ነው የሚመጣው፣ ውል ተፈርሟል። አሁን እዚህ አንድ ቃል ቢናገሩ ሰው ሁሉ ይበተናል። የእርስዎም አብሮ ነው የሚሄደው።”

ቀና አልኩ። ባለቤቴ አለች። እህቴ አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከእኔ አፍ ሰምተው የገዙት መምህራን ተደርድረዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “መምህር፣ የምታውቀው አንተ ነህ። ውሃው ነው?” አሉኝ። የነፍስ አባቴም አዩኝ። አልፈሩም፤ የጠየቁኝን ጠይቀውኛል፣ የመለስኩትን መልሻለሁ፣ አሁን ደግሞ ያንኑ በሰው ፊት እስክደግመው ነው የሚጠብቁት።

“እርጥበት ነገር ሳይሆን አይቀርም” አልኩ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ‘ሳይሆን አይቀርም’ ያልኩትም ሙሉ ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው፤ እንዲህ ነው ብልጠቴ። የነፍስ አባቴ ‘ጠይቄህ አልነበረም ወይ’ አላሉም። ያኔ ቢሉ ኖሮ እውነቱን አምን ነበር ብዬ ራሴን አባብያለሁ። የጀሪካኑን ክዳን አጥብቀው ዘጉ፣ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍረኛል። የባጃጅ ነጂዎች ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። እሳቸው በመንገድ ሲያልፉ መጋረጃቸውን ይጋርዱና “አባ፣ እባክዎ እንዳይረጩን!” ይላሉ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው፣ የናፍጣም ይሁን፣ ሌላ ካህን መጥራት ጀመረ። እሳቸውም የእኛን ቤት እንኳ ሲባርኩ መጀመሪያ “ቆጣሪው በየት በኩል ነው?” ይላሉ። ፍሪጁ ይነቀል፣ ቴሌቪዥኑ ይጋረድ ይላሉ። ከዚያ ጸበሉን በጣታቸው ጫፍ ብቻ፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ድሮ እስኪረጥብን ድረስ ነበር የሚረጩን። ባለቤቴ አንድ ቀን ሲወጡ ጠብቃ “ምነው አባ እንዲህ ፈሪ ሆኑ?” አለችኝ። ዕድሜ ነው አልኳት።

ለኑዛዜም እሳቸው ዘንድ ነው የምሄደው፤ ሌላ የለኝም። ጾም በመጣ ቁጥር ፊታቸው እንበረከካለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ ረቡዕን ረስቼ ገድፌአለሁ እላለሁ። “ሌላስ ልጄ?” ይላሉ። ሌላ የለም አባ እላለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው መስቀሉን ያሳልሙኛል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግን አልቆጠርኩም።

እኔ መከታተሌን አልተውኩም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። አዲሱ ባትሪ ከመጣ፣ ፋብሪካው ከተተከለ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ነገር ሆና ትቀራለች ብዬ ነበር። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሲጠራ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቄ አዲስ አበባ ወረድኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ በየመቀመጫው ላይ የታሸገ ውሃና ኮፍያ። እጄን አውጥቼ ስለ ሴሎቹ ጠየቅሁ፤ የሴሎቹ ምንጭ ከየት ነው፣ ማን ነው የፈተሻቸው አልኩ። ሰብሳቢው “እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ባለአክሲዮን ስላለን ዕድለኞች ነን” አለ። ተጨበጨበልኝ። መልሱ ግን ይኸው ነበር። የታደለንን የሥራ ሪፖርት ስገልጥ ከገጠሙን ችግሮች ከሚለው ርዕስ ሥር አየሁት፤ በደብረ ማርቆስ የቀረበው ናሙና ተገቢ ባልሆነ የውሃ ንክኪ ምክንያት መጎዳቱን፣ ጉዳቱም በስፍራው በነበሩ ባለሙያ መረጋገጡን ይገልጻል። ባለሙያው እኔ ነኝ። ሪፖርቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ፣ ቤቴ ስደርስ ከደብተሩ ጋር ቁምሳጥኑ ሥር ደበቅኩት። ኮፍያውን ደግሞ አድርጌው ገባሁ።

ከዚያ ኩባንያው ቀስ እያለ ጠፋ። መጀመሪያ በቴሌግራም ቡድናችን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ብቻ መላክ ጀመሩ። ቀጥሎ እሱም ቀረ። የወኪሉ ስልክ አይነሳም፣ ከዚያ ጥሪ አይቀበልም አለ። ቢሮው ተዘግቶ የሙሽራ ልብስ መሸጫ ሆነ ብሎ አንድ ሰው ፎቶ ላከልን። ለፋብሪካው የተባለው ሜዳ ላይ ያ ገበሬ አሁንም ጤፍ ይዘራበታል። እህቴ በአንድ በሬዋ ከጎረቤት እያቀናጀች ታሳርሳለች። ከተማው ግን ምክንያቱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። “ከዚያች ውሃ ወዲህ አልቀና አለው” ይላል። ገንዘቡ የቀለጠበት ሁሉ አባን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እኔን ሲያይ ደግሞ ‘እሱ ምስኪን ምን ያድርግ’ ይላል።

ባለፈው ክረምት እውነተኞቹ መጡ። ሌሎች ሰዎች ያስገቧቸው የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግሮች በከተማችን መሥራት ጀመሩ። እኔ በደብተሬ ያሰላሁትን ሁሉ ያደርጋሉ። በሐምሌ ዝናብ ጎማቸው እስኪሸፈን ጎርፍ ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ። አንድ ቀን ከአባ ጋር ከአንድ ሱቅ በር ተጠልለን ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ አንዱ ውሃውን ግራና ቀኝ እየረጨ አለፈ። እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

“እነዚህስ ውሃ አይፈሩም ማለት ነው?” አሉኝ።

ይኸው የመናገሪያው በር ተከፈተልኝ። ከአባና ከዝናቡ በቀር ማንም የለም።

“አሁን ተሻሽሎ ነው አባ። ቴክኖሎጂው በየጊዜው ይሻሻላል።”

“ተመስገን” አሉ። “ለእነዚህስ ደግ ሆነላቸው።”

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰው ላኩብኝ። ታመው ተኝተዋል። ከጾሙ በፊት የነፍስ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያስጠሩ ይቅርታ ይጠይቃሉ ተባለ። መንገድ ላይ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ሪፖርቱንም ከቁምሳጥኑ ሥር አውጥቼ በኪሴ ይዣለሁ። ስገባ ባለቤታቸው በኩባያ አጥሚት ይዘው ራስጌያቸው ቆመዋል፣ ሁለት ጎረቤቶች መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ባይኖር እናገር ነበር እላለሁ። ሱቁ በር ላይ ማን ነበር?

እሳቸው ቀደሙኝ።

“ልጄ፣ ያን ቀን የእናንተን ተስፋ በዚህ በእጄ አጠፋሁት። የስንቱ ጥሪት ሄደ። እህትህም በሬዋን ሸጣ ነበር አሉ። ሳልታረቅህ ብሞት ከብዶኛል፤ ይቅር በለኝ።”

“አባ፣ እርስዎ እኮ ጠይቀውኝ ነበር” አልኩ። እስከዚያ ድረስ ብቻ መጣልኝ።

“ጠይቄህማ ነበር” አሉ። “አንተ ትንሽ መስሎህ ነው የፈቀድክልኝ። ያበዛሁት እኔ ነኝ።”

ጎረቤቶቹ ‘በል እንጂ’ በሚል ዓይን አዩኝ። ባለቤታቸውም አዩኝ። የታመመ ካህን ይቅርታ ሲለምን ማስጠበቅ ነውር ነው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በልብሴ ላይ ዳሰስኩት።

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ትራሳቸው ላይ ቀና ለማለት ሞከሩ፣ ባለቤታቸው ደገፏቸው። ከዚያ ያን ሳጥን የዳሰሰውን ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት። እኔም አልከለከልኳቸውም።